ለሰባት ሰከንድ የጠፋው ጊታር

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የነገረኝ ሙክታር ነው። ሱቄን ገና መክፈቴ ነበር፤ የአንዲት ሚዜ ቀሚስ እጅጌ እየገጠምኩ። በሩ ላይ ቆመና፣ «ሰኒ፣ ጋሽ ደምሴ ዛሬ ንጋት ላይ አረፉ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር «እሺ» ይላል? እኔ አልኩ። ሙክታር ዓይኑን ጠራርጎ ሄደ፤ እኔ መስፋቴን ቀጠልኩ። ጨርሼ ሳየው እጅጌውን ገልብጬ ነው የገጠምኩት። እሱን ቁጭ ብዬ ስፈታ ነው እንባዬ የመጣው።

አልቅሼ ሲወጣልኝ ደግሞ ግድግዳውን መጠበቅ ጀመርኩ። በእኔና በጋሽ ደምሴ ሱቅ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ቺፕውድ ነው። ከዚያ ማዶ እሳቸው የተበላሸ ስፒከርና አምፕሊፋየር ይጠግናሉ፤ ከዚህ ወዲህ እኔ ልብስ እሰፋለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። አንዳንድ ቀን ሥራቸውን ያቆሙና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ ማሳረፋቸውን ቺፕውዱ ሲንቋቋ አውቃለሁ። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፤ «ሰኒ፣ ማሽንሽ ዘይት ጠምቶታል።» ከፍቼ አየዋለሁ፤ እውነትም ደርቋል። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም። በዚያን ዕለት ጠዋትም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ያቺን መንቋቋት ብዙ ጠበቅኳት።

ሱቆቻችን ከልደታ ማርያም ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች መካከል ናቸው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ባቡሩ በሩቅ እያጉረመረመ ሲያልፍ፣ ከጋሽ ደምሴ ቤት ደግሞ ጊታር ሲወጣ፣ ሦስቱ ይደባለቁና ከሰዓት በኋላው ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል፣ እጄ ጨርቁን ይገፋል፤ እኔ ግን እዚያ አይደለሁም። የት እንደነበርኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ብቻ ደስ የሚል ቦታ ነበር።

የተዋወቅነው ግን በጠብ ነው። እኔ ቶሎ ነው የምነድደው፤ እናቴም «አንቺ ልጅ ክብሪት ነሽ» ትለኝ ነበር። ሱቁን በተከራየሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከማዶ አንዲት የጊታር ቁራጭ ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ ትደጋገማለች። ጆሮዬ ሲዝል መቀሴን እንደያዝኩ ተነስቼ ገባሁባቸው። አንድ ቀጭን ሰው ቡናማ የሥራ ካፖርት ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ሞንታርቦ በሚሉት አንድ ትልቅ ስፒከር ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

«አባት፣ ይኼን ጩኸት ይቀንሱልኝ!» አልኳቸው ጥላዬን ጥዬባቸው።

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «የቱ ነው የረበሸሽ?»

«ይኼ ጊታሩ ነዋ!»

«እንዴት ነው የሚለው? እስቲ አንጎራጉሪልኝ።»

ንዴቴ ባሰና አንጎራጎርኩላቸው። መቀሱን እየወዘወዝኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከንፈሬንና መቀሴን እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ የላይኛው አንድ ጥርሳቸው የለም። «ምንም አልሳትሽም» አሉኝ። «በይ አሁን መሳደብ ትችያለሽ።»

መሳደቡ አልመጣልኝም። ለካ ይኼ የሱቁ ሕግ ኖሯል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከየሥራቸው የተለቀቁ የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች ይመጣሉ፤ በዚህ ከተማ ብዙ አይደሉም፣ ስለዚህ ይተዋወቃሉ። በባዶ የስፒከር ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስለ ሶሎ ይከራከራሉ። ሶሎ ማለት ዘፋኙ አፉን ይዘጋና ጊታሪስቱ ብቻውን የሚናገርባት ቦታ ናት፤ እኔም እዚያ ነው የተማርኩት። ጋሽ ደምሴ ታዲያ፣ ማንም ሰው አንድን ሶሎ ከዳር እስከ ዳር ሳያንጎራጉር እንዲያመሰግንም እንዲያጣጥልም አይፈቅዱም። አንድ ጊዜ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው መጣና ብዙ ትልልቅ ቃል ተናገረ። «አንጎራጉረዋ» አሉት፤ አቃተው። ሻይ ጋብዘው፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ተለማምደህ ና» ብለው ሸኙት። በሳምንቱ መጣ፤ ላብ እስኪያጠምቀው አንጎራጎረና ተቀመጠ። እስከዛሬም ይመጣል።

ከቅዳሜ ሰዎች ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ ሙክታር ነው። ከመንገዱ ማዶ ሽቦና አምፖል ይሸጣል፤ የስልጤ ልጅ ነው፤ ነገር ከያዘ አይለቅም። ሌላዋ ቤቲ ናት፤ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። አምስቱን ቀን የደንብ ልብስ ለብሳ ለሰው ሁሉ ፈገግ ትላለች፤ ቅዳሜ ጥቁር የቆዳ ጃኬቷን ስትደርብ ግን ፈገግታውን ቤቷ ትታው ነው የምትመጣው። የጃኬቱን ገበር ሁለት ጊዜ የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም። ጋሽ ደምሴ መካከላቸው ተቀምጠው፣ ጆሯቸውን በአውራ ጣታቸው ሻሸት እያደረጉ፣ አንዴ የአንዱን አንዴ የሌላዋን አፍ ያዩ ነበር።

እንግዲህ ያ እሑድ መጣ።

ሐሙስ ባንድ የሚባሉ አራት ወጣቶች ነበሩ፤ የሚለማመዱት ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ ነው ስሙ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ዝግጅት አሰናዱና ጋሽ ፍሬውን በእንግድነት ጋበዙ። ጋሽ ፍሬው በአባቶቻችን ወጣትነት ጊዜ ጊታራቸው ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት መድረክ አልወጡም። የድምፁ ሰው እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው ሠርተዋል። «ሰኒ፣ ይኼንን ካልሰማሽ ማሽንሽን ሽጪው» ብለውኝ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮክ ዝግጅት ልገባ ራሴ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ።

ዝግጅቱ አሥር ሰዓት ላይ ሊጀመር፣ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የጋሽ ፍሬው አምፕሊፋየር ተቃጠለ። ልጆቹ ተደናገጡ። ጋሽ ደምሴ ግን፣ «ገመዱን ወደ እኔ አምጡት» አሉና ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰራቸው ላይ ሰኩት። ሚክሰር ያ ብዙ ቁልፍ ያለው፣ የየመሣሪያው ድምፅ መጠን የሚወሰንበት ጠረጴዛ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጋሽ ፍሬው ጊታር ወደ አዳራሹ የሚወጣው በጋሽ ደምሴ ጣት በኩል ብቻ ሆነ። ጋሽ ፍሬው ራሳቸውን እግራቸው ሥር ከተቀመጠች ትንሽ ስፒከር ይሰማሉ፤ እኛ ግን የምንሰማው ጋሽ ደምሴ የሰጡንን ነው።

ያንን ሶሎ እንዴት ልንገራችሁ? ሰማያዊ መብራት ነበር፤ ጭስ ይለቁበታል፤ ጋሽ ፍሬው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእጃቸው ይልቅ ነጭ ፀጉራቸው ነው የሚታየው። ባንዱ ቦታ ለቆላቸው ዝም ብሏል። ቀስ ብለው ጀመሩት፤ ሰው በር ላይ ቆሞ «ቤቶች» እንደሚለው። ከዚያ ገቡ። እኔ እዚያ ጭስ ውስጥ የሞተችውን እናቴን አየኋት፤ ምንም አላለችኝም፣ ብቻ ክር በመርፌ ታስገባ ነበር። ሰው ሁሉ የየራሱን እያየ መሰለኝ፤ የሚያስል እንኳ አልነበረም።

ልክ መካከሉ ላይ ጊታሩ ጠፋ።

ምንም ድምፅ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከበሮ መቺው ዱላውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ሰባት ሰከንድ ነው ይላሉ፤ ለእኔ አንድ ክረምት ነበር። ከዚያ አንዲት ረጅም ድምፅ መጣች፣ አንዲት ብቻ፤ አዳራሹም ፈነዳ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጦርነቱ ተጀመረ። ሙክታር፣ «ረስተዋል፤ ሰው ሲያረጅ ጣት ይረሳል፣ ምን ያናድዳል?» ይላል። ቤቲ ሳጥኗን ገፍትራ ትነሳለች። «ረሱ? ያ ዝምታ ነው እኮ ሶሎው! ሌላው ሁሉ ለሱ መንገድ ጠራጊ ነው። አንተ ሽቦ እንጂ ምን ታውቃለህ!» በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ አለ፤ ከሩቅ የተነሳ ነው፣ ጭስ ብቻ። ደጋግመው ያዩታል። «ይኸው፣ እጃቸው ይንቀሳቀሳል!» ይላል አንዱ። «ጥላ ነው!» ትላለች ሌላዋ። የባንዱን ልጆች ጠየቁ፤ አንዱ የሰማሁ መሰለኝ አለ፣ ሌላው ምንም አልሰማሁም አለ። ሕጉ ግን እንደተከበረ ነው። ከክርክር በፊት ሁሉም ሶሎውን ያንጎራጉራል፤ ዝምታው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያነሱ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ያቺን ረጅም ድምፅ አንድ ላይ ይለቋታል። እኔም ከግድግዳው ወዲህ እየሰማሁ ለመድኩት። እዚያ ቦታ ሲደርሱ እግሬ ሳላዘው ፔዳሉን ያቆማል።

ጋሽ ደምሴ ብቻ አስተያየት አልሰጡም። ሲጠይቋቸው የወደቀ ብሎን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ወሬው እኛ ሱቅ ውስጥ ቢቀር መልካም ነበር። ነገር ግን ቪዲዮው በከተማው ዞረ፤ ብዙው ሰው የሙክታርን ሐሳብ ያዘ፤ «ሽማግሌው ጡረታ ይውጡ» የሚል መሳለቂያ በዛ። ጋሽ ፍሬው ከዚያ በኋላ የጠራቸውን ሁሉ እንቢ ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። ቤቲ ይኼን ከስልኳ ስታነብ ጋሽ ደምሴ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆመው አየኋቸው። የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

ነገሩን ያወቅሁት በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነው። ካውያዬ የተሰካበት ሶኬት ብልጭ አለና እሳቱ ጨርቅ ያዘ። «ጋሽ ደምሴ! ኧረ ጋሽ ደምሴ ድረሱልኝ!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ከማዶ ንቅንቅ የሚል ጠፋ። በባልዲ ውኃ አጥፍቼ፣ እንደረጠብኩ እሳቸው ጋ ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በእርጋታ ሽቦ ይበይዳሉ።

«ሰው ሲቃጠል ዝም ይባላል?» አልኩ። ጥላዬ ጠረጴዛቸው ላይ ሲያርፍ ብቻ ዞር አሉ፤ ዞረውም ዓይኔን ሳይሆን አፌን አዩ።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። መዳፋቸው። አፍ ማየታቸው። «ዘይት አጠጣሁት እኮ» እያልኩ በግድግዳው በኩል ስመልስላቸው ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መልሰውልኝ አለማወቃቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እያሳየሁ።

መበየጃውን አስቀመጡት። «ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ቅርብ ሆኖ ፊት ለፊት ያናገረኝን እሰማለሁ። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ግን ሄዷል፤ በሱ ፈንታ ፉጨት ገብቷል። የፈላ ማንቆርቆሪያ ዓይነት። በመዳፌና በሚክሰሩ መብራት ነው የምሠራው።» እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። «የዚያን እሑድ ፍሬው እየተጫወተ ፉጨቱ መጣ። ጊታሩ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ገመዱ በቀጥታ ስለተሰካ የሚያፏጭ መሰለኝ። መስመሩን ወደ ታች ሳብኩት። ሰኒ፣ ፉጨቱ አልቆመም። ያኔ ገባኝ፤ የሚያፏጨው እኔ ነኝ። መብራቱን ሳየው የፍሬው መስመር ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ሰውዬው እየተጫወተ ነው፣ ማንም ግን አይሰማውም። እስክመልሰው ሰባት ሰከንድ።»

እኔ ያልኩትን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ። «ማን ያውቃል? ይተዉት» አልኳቸው። «ቢናገሩ ማን ሥራ ይሰጥዎታል? የማይሰማ የድምፅ ሰው! በገዛ እጅዎ ሱቅዎን ሊዘጉት ነው?» እውነቴን ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺ ሱቅና ያ ሚክሰር ናቸው ኑሯቸው።

«ፍሬው ቤቱ ተቀምጧል» አሉኝና መበየጃቸውን አነሱ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሽ ፍሬው ቤት ሄዱ። ሰኞ ጠዋት በሬ ላይ ጠበቅኳቸው።

«ምን አሉዎት?»

«ሻይ አጠጣኝ።»

«ሌላስ?»

«ስኳር በዛበት።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል ከአፋቸው አላወጣሁም።

ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰበ። እኔም ሥራዬን ትቼ ገባሁ። «ዛሬ የማንጎራጉረው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ጀመሩት። ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ ቀጭኑ ቦታ ላይ አይደርሱም፣ ግን ትዝታቸው አልሳተም። ሰው ጣቱን ለቆጠራ ማንሳት ሲጀምር እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚህ ጋ» አሉ፤ «እዚህ ጋ ፍሬው አልረሳም። ዝምም አላለም። ድምፁን የቀነስኩት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ታሟል፤ አትናገር ያለኝ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ የደበቅኳችሁ። ሽማግሌ ሰው በእኔ ጥፋት ሲሰደብ ይኼን ሁሉ ወር ዝም አልኩ። ይቅርታ።»

ቤቲ ተነሳች። «ውሸት ነው! ለጓደኛዎ ብለው ነው!» ከዚያ አለቀሰች፤ ጥቁር ጃኬቷን ለብሳ እንደ ሕፃን። «ጋሽዬ፣ ያቺን ዝምታ አይውሰዱብኝ።»

ሙክታር ግን አመነ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «የሰው ስም ሳጠፋ ነው የከረምኩት» አለ። «አውፍ በሉኝ። ጋሽ ፍሬው አልረሱም፤ አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ረሱ የሚል ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ወሬው በዚያው ቀን በየስልኩ ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው እኔ እንደፈራሁት ነው። የሐሙስ ባንድ ልጆች መጥተው ትከሻቸውን ሳሟቸው፣ «ትንሽ ይረፉ፣ ጋሽዬ» አሏቸው፤ ሌላ የድምፅ ሰው ያዙ። ሌሎቹም አልጠሯቸውም። የጋሽ ፍሬው ስም ግን ጸዳ። በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ መድረክ ወጡ፤ ሜክሲኮ ላይ ፎቷቸው ተሰቅሎ አየሁት። ጋሽ ደምሴ አንዱን ፖስተር ለምነው አምጥተው በእሳቸው በኩል ቺፕውዱ ላይ ለጠፉት። እኔ በገንኩ። አንድ ቀን ገብቼ፣ «እርስዎ እዚህ አሮጌ ሬዲዮ እያገላበጡ፣ እሳቸው በየአዳራሹ ይጨበጨብላቸዋል! አንድ ቀን እንኳ መጥተው ጠየቁዎት?» አልኳቸው። አፌን በደንብ አዩት። የሰሙኝ ለመሆኑ እርግጠኛ ነኝ።

«ሰኒ» አሉኝ፣ «ማሽንሽ ዘይት ጠምቶታል።»

በሦስት ቀን ሕመም ነው የሄዱት። ቀብሩ ልደታ ማርያም ሆነ። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ የቅዳሜ ሰዎች አንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀምጠናል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የድንኳኑ ሸራ ፀሐዩን አለዝቦ ሁላችንንም አረንጓዴ አድርጎናል። ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ሩቅ ባቡር ያልፋል። እንቅልፍና ሐዘን ተምታተውብኝ እንደቆየሁ፣ ጋሽ ፍሬው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሁላችንም ተነሳን። እጃቸውን እያወዛወዙ አስቀመጡንና በእኔና በሙክታር መካከል ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ደምሴ የሚያከራክራቸው እናንተ ናችሁ?» አሉ።

«እኛ ነን» አለች ቤቲ።

«እንግዲያው ልናገር። ሳልናገር አፈር እስኪገባ ቆየሁ፤ ከዚህ በላይ አልችልም።» ከዘራቸውን አገላበጡት። «የዚያን ዕለት መካከሉ ላይ ጠፋብኝ። ጣቴ ሌላ ቦታ ሄደ። ትንሿ ስፒከር ውስጥ ራሴን እሰማለሁ፤ ስባዝን፣ ስሳሳት፣ ከአንዱ አጥር ወደ አንዱ ስጋጭ። ቀና ስል ደግሞ ሰዉ ምንም አይሰማም። ደምሴ ስህተቴን ሰምቶ የሸፈነልኝ መሰለኝ! መንገዱን እንዳገኘሁ ድምፄ ተመለሰ። ‹ይኼ ሰው መልአክ ነው› አልኩ። ረሳ ሲሉኝ ቤቴ የተቀመጥኩት እውነታቸውን ስለነበር ነው።»

ቤቲ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«ከዚያ አንድ እሑድ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ! ጆሮዬ ነው ያጠፋው አለኝ። እኔ ደግሞ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ሳይሆን ላመሰግነው ስጠብቀው የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ‹በቃ፣ ተሳስቼ ነበር፣ አንተ አዳንከኝ ብዬ እኔ እናገራለሁ፤ ያንተ ጆሮ ይቅር› አልኩት። እንቢ አለ። ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹አንተ የተሳሳትከውን ማንም አልሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። እኔ የተሳሳትኩትን ግን አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ የሚናገረው እኔ ነኝ። አንተ ተጫወት።› ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ደግሞ ስኳር በዛበት ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ በኋላ እንዳልጠይቀው ፊቱን የማይበት ዓይን አጣሁ።»

እውነት ለመናገር በዚያች ደቂቃ ልጮህ ነበር። ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ዕለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምረው ቢሆን፣ «እሱም ጠፍቶበት ነበር» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ነገሩ የባንድ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር እንጂ እሳቸው የማይሰማ የድምፅ ሰው ተብለው አይገለሉም ነበር። አፌን ስከፍት ግን ጋሽ ፍሬው ያለቅሳሉ። ዘጋሁት።

ቤቲ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሙክታር ዞረች። «ልክ ነበርክ» አለችው። «ከመጀመሪያውም። ጠፍቶባቸው ነበር።» ይኼን ከአፏ ለመስማት ሙክታር ምን ያህል እንደለፋ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሙክታር ራሱን ነቀነቀ። «አልቀበልም።»

«ምን?»

«አልቀበልም አልኩ። ጋሽ ደምሴ በአንደበታቸው ‹ፍሬው አልረሳም› ብለውኛል። እኔ የሳቸውን ቃል አላጥፍም።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ፍሬው፣ «የተጫወትኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ይሁና። ማን ሰማዎት?»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። ከወዲያ በኩል የተቀመጡ አሮጊቶች ዞረው ገላመጡን። ቤቲም አልቻለችም፤ «እንዴት አትቀበልም፣ ሰውዬው ራሳቸው እየተናገሩ!» ብላ ጀመረች፤ ሙክታርም ጣቱን ቀሰረ፤ ያ ሙሉ ልብስ የሚለብሰው ሰውም ከጫፍ ሆኖ ገባበት። ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳ። ጋሽ ፍሬው ግራ ገብቷቸው ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ ያያሉ።

«ቆይ!» አልኩ እኔ። «ሕጉ የታለ?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ፍሬው ዞረ። «መጀመሪያ ያንጎራጉሩት» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩት፤ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚጣራ። እኛም ከሥር ገባን፣ አፋችንን ሳንከፍት። ሸራው ትንሽ ተነፋ፣ አረንጓዴው ብርሃን ተወዛወዘ። መካከሉ ላይ ስንደርስ ጋሽ ፍሬው ያንን የጠፋባቸውን ያሰሙን ይሆን ብዬ ፈራሁ። አላሰሙንም። እሳቸውም እንደኛው አፋቸውን ዘግተው ጣታቸውን አነሱ።

አንድ። ሁለት። እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መዳፌን አግዳሚው ላይ አሳረፍኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰባት ሲሞላ ያቺ ረጅም ድምፅ ከሁሉም ደረት በአንድ ጊዜ ወጣች። በእንጨቱ ውስጥ አልፋ፣ በመዳፌ ገብታ፣ ክንዴን ተከትላ እዚህ ደረቴ ድረስ መጣች። ጋሽ ደምሴ ሲሰሙን የኖሩት እንዲህ ነው።